ቼሎሽ በእኔ ወንበር ተሳፍሮ ሄዷል

ለምወድሽና ለምትቆጪኝ የልጄ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ክንድሽስ እንዴት ነው? ጄሶው ውስጥ ማሳከክ ሲጀምርሽ የሹራብ መሥሪያ መርፌ አስገብተሽ እንዳታኪው፤ አክስትሽ ያየችሽ እንደሆነ ክንድሽን ትታ አንገትሽን ነው የምትሰብረው። እሷስ ደህና ናት? አሁንም ሰው ሲያስለው «ነግሬህ ነበር» ትላለች? ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ካኮረፈችኝ ደግሞ ሰላምታዬን ለድመቷ ስጪልኝ፤ ድመቷ ትሻለኛለች።

እኔን ከጠየቅሽ ደህና ነኝ። ከጥርሶቼ አንድም አልጎደለም፤ ግማሾቹ አፌ ውስጥ፣ ግማሾቹ ብርጭቆ ውስጥ ናቸው። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ጆሮዬ እናትሽ ስትቆጣ ብቻ ይደነቁራል እንጂ ሌላውን ሁሉ ይሰማል።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ከቤቴ ሆኜ አይደለም። ያቺ አንቺ የተማርሽባትና ያገባሽባት የሙዚቃ ከተማ፣ ለአንድ ቀን ልጎበኛት ብሄድ ወድዳኝ አልለቅህም አለችኝ። ያረፍኩበት ክፍል ኪራይ አይከፈልበትም። ምሳና እራት እስከ አልጋዬ ይመጣል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ከውጭ በኩል ብቻ ነው። ፖሊሶቹ ማረፊያ ቤት ይሉታል፤ እኔም ዐርፌበታለሁ። አብሮኝ ያለው ሰው ኪስ አውላቂ ነው፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ስልቹ ሰው። ምን ሠርቼ እንደገባሁ ሲሰማ ሳልጠይቀው የመስኮቱን አልጋ ለቀቀልኝ፤ ከዚያ ወዲህም ጀርባውን አይሰጠኝም።

እናትሽ በስልክ እያለቀሰች ብዙ ነገር እንደነገረችሽ አውቃለሁ። እሷ ስታለቅስ ነገሩ ይበዛባታል፤ ከአንድ ጠብታ ደም ባልዲ ትሞላለች። (በዚህኛው ጊዜ እንኳ ባልዲውም ሩቅ አልነበረም።) ስለዚህ ከእኔው ከባለጉዳዩ ስሚው ብዬ ወረቀት ለመንኩ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ባለፈው አክስትሽ ቤት ልጠይቅሽ ስመጣ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ። የታጠበ ልብስ ተሸክሜ ስወርድ ከቤታችን ደረጃ ላይ ወደቅሁ አልሽኝ። ለእናትሽም፣ ለአክስትሽም፣ ለሐኪሙም ያንኑ ብለሻል። እኔም ድሮም እግርሽ አዲስ እንደተወለደ ጥጃ ነው ብዬ ቀለድኩብሽ፤ አንቺም ሳቅሽ። ከሳቁ በኋላ ግን ጄሶው ሲፈታልኝ ወደ ባሌ እመለሳለሁ አልሽኝ። ለምን ስልሽ፣ ቼሎዬ እዚያ ነው አልሽ። እንዲልክልሽ ብትለምኚው፣ ዕቃው ከዚህ ቤት አይወጣም፣ ከፈለግሽ ራስሽ ተመልሰሽ ተጫወቺበት ብሎሻል። ያለ እሱ ደግሞ ኦርኬስትራው አዲስ ሰው የሚቀበልበት ፈተና ያመልጥሻል። እኔ ባልሽን ናፍቀሽ ነው ብዬ ሳዝን፣ ለካስ ወደ ኋላ የሚጎትትሽ ያ እንደ ትልቅ ቫዮሊን ሆዱ የተነፋ እንጨት ነው። እንጨቱን ካመጣሁላት ልጅቷ አትመለስም ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ጠብ ፍለጋ አልሄድኩም፤ ይህንን የፖሊስ መርማሪውም ጽፎታል።

የቄራ ጡረተኞች ማኅበራችን በየዓመቱ ፍል ውሃ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ ወደ ሙዚቃው ከተማ ይሁን ብዬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገርኩም። ስብሰባው ላይ ወንበር ተወረወረ። የፍል ውሃ ወገኖች አንዱን የእኛን ሰው በከዘራ ፈነከቱት፤ እኛም የእነሱን ሊቀ መንበር ጃኬቱን እንደ በግ ቆዳ ገፈፍነው። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አሸነፍን፤ ከእነሱ ወገን ገሚሱ ቁስሉን ሊያሳክም ሄዶ ስለነበር።

ቡጢም አብሮኝ መጣ። ልጅ ሳለሽ ጆሮውን የምትጎትቺው ቡጢ። ኮርማ በጡጫ አንበረከከ ተብሎ ስም የወጣለት፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሸረሪት እንኳ በወረቀት አንሥቶ ወደ ውጭ የሚሸኝ ሰው። አውቶቡሱ ገና ከከተማችን ሳይወጣ ሁለት ቆዳ ገፋፊዎች በመስኮት ወንበር ተናነቁና አንዱ የሌላውን ጣት ነከሰው። የነካሹ ጥርስ ሰው ሠራሽ ስለነበር ጣቱ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ እናንተ ሰዎች ኮንሰርት ነው የምትሄዱት ወይስ ጦር ሜዳ ብሎ ጠየቀን። ቡጢ ጥርሱን ከጣቱ ላይ ነቀለና በመሐረብ ጠርጎ ለባለቤቱ መለሰለት። እንዲህ ሆነን ነው ወደ ጥበብ ከተማ የገባነው።

ከተማዋን አላማትም፤ ቆንጆ ናት። በየመስኮቱ ሥር ስታልፊ አንድ ሰው አንድ ነገር ይለማመዳል፤ አንዱ መስኮት ፒያኖ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ዋሽንት ያለቅሳል። ውሾቹ እንኳ ሲጮኹ የሚሰማቸው እንዳለ አውቀው ነው። አስጎብኚያችን ጃንጥላዋን እንደ ጦር ቀጥ አድርጋ ከፊት የምትሄድ ሴት ነበረች። መጀመሪያ አንድ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው የሙዚቃ ሊቅ ይኖርበት የነበረ ቤት አስገባችን። አልጋውን አሳየችን፣ የሽንት ዕቃውን አሳየችን፤ ከዚያ በብርጭቆ ሣጥን ውስጥ ቀይ ከፈይ ላይ የተጋደመ የብረት ማስመሪያ አሳየችን። ታላቁ ሊቅ የተማሪዎቻቸውን ጣት የሚመቱበት ነው አለች። አንዱን ተማሪ ጆሮው ላይ ቢመቱት እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ጆሮው ሳይሰማ ኖረ፤ ግን ትልቅ ሰው ወጣው አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከማስመሪያው ጋር ፎቶ ተነሡ። እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅ መሳቅ ልማዴ ነው።

ስንወጣ ለቡጢ፣ እኛ ቄራ ውስጥ በሬ ያለ አግባብ የመታ ሰው እንኳ ከሥራ ይታገድ ነበር አልኩት።

ቡጢም በሬው ሙዚቃ ስለማያጠና ነው አለኝ።

ከዚያ ክር የሚሠሩበትን ጠባብ መንገድ አለፍን። ሽታው ገና ከሩቅ መጥቶ አቀፈኝ። የበግ አንጀት ነው፤ አይጠፋኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠብኩት፣ ሞራውን የፋቅሁት፣ በጨው ያሸሁት አንጀት እዚህ እየመጣ ነው እየተገመደ የቫዮሊንና የቼሎ ክር የሚሆነው። እናንተ በምትጫወቱበት ክር ውስጥ የስንት በግ ጩኸት እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰዉ ሙዚቃ ሰምቶ አንጀቴን በላው ይላል፤ የማንን አንጀት ብሎ አይጠይቅም።

ከምሳ በኋላ ኮንሰርት ገባን። ቡጢ ሳል ያዘው፤ ከፊታችን የተቀመጠች ባለ ባርኔጣ ሴት ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ልካ በባርኔጣ መርፌ ጭኑን ወጋችው። ያ ኮርማ ያንበረከከ ሰው እስከ መጨረሻው ትንፋሽ አላሰማም። የኦርኬስትራው መሪ ቀጭን ዱላ ይዞ ወጣ። ዱላውን ሲያነሣ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ ሲያወርደው ሁሉም ባንድ ላይ መታ። ከበሮው ግንባር ላይ እንደሚያርፍ መዶሻ፣ የነሐሱ ጡሩምባ እንደ ተወጋ ኮርማ፤ ቫዮሊኖቹ ደግሞ ቆዳ እንደሚገፍፉ ሰዎች ክንዳቸውን ባንድ ላይ ይስባሉ፣ ባንድ ላይ ይመልሳሉ። የኮንሰርት ሰው አይደለሁም፤ ግን ያንን ሥራ ዐውቀዋለሁ፤ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ባልሽ ቫዮሊኑን ይዞ ከፊት ነበር። ሁሉም ጸጥ ብሎ እሱ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ፣ የኔ ልጅ አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። ያ ቀኝ እጁ ደጋኑን በክሩ ላይ ሲስበው፣ እናት ከተኛ ልጇ ግንባር ላይ ፀጉር እንደምታነሣ ነበር። ይህ እጅ እንዲህ ያለ እጅ ከሆነ፣ ጥፋቱ የደረጃው ነው አልኩ በልቤ። ደረጃውን ረገምኩት። ያ ደረጃ እንዲኖር በዚያች ሰዓት የፈለግሁትን ያህል በዕድሜዬ ሙሉ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ኮንሰርቱ ሲያልቅ እኔና ቡጢ በጀርባ በር ጠበቅነው። ሲያየኝ ፊቱ ከሰለ፤ ባልደረቦቹ አጠገቡ ስለነበሩ ግን «አያቴ!» ብሎ አቀፈኝ። ጥሩ ይሸታል፤ ሳሙናና የቫዮሊን ሙጫ። ቼሎሽን ልወስድ እንደመጣሁ ነገርኩት። ቤት ቅርብ ነው፣ ሻይ እየጠጣን እንነጋገር አለኝ። ቡጢ እግሬ አብጧል ብሎ ውጭ ከአጥሩ ሥር ባለ ግንብ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ገባሁ።

ከመንገዱ ቀጥ ብዬ ሳሎናችሁ ገባሁ። ከሳሎኑ ወጥ ቤቱን አየሁት። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና መኝታ ቤታችሁን፣ ዕቃ ቤቱን፣ የጓሮውን በር አየሁ። ልብስ የምታሰጪበት ገመድ ጓሮ ነው። ጓሮው ከወጥ ቤቱ ወለል ጋር እኩል ነው። ደፍ እንኳ የለውም፤ ኳስ ከመንገድ ብትለቂ ሳትነጥር ጓሮ ትደርሳለች። ሽማግሌ ነኝና ምናልባት ጠፍቶኝ ይሆናል ብዬ ደግሜ ዞርኩ። በሮቹን ከፈትኩ። ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ከፈትኩት፤ አትሳቂብኝ። ደረጃውን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚፈልግ ሰው ምን ያህል እንደቸገረው አስቢ።

ተመልሼ ተቀመጥኩና ደረጃው የት ነው አልኩት።

«የምን ደረጃ?» አለኝ።

አየሽ፣ እኛን ምን ብለሽ እንዳታለልሽን ለእሱ አልነገርሽውም። እሱን ለማዳን የሠራሽውን ደረጃ፣ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። የወደቀችበት ነዋ አልኩት። ሻይ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገባውና ፊቱ በራ። ደንግጦ ቢሆን፣ አፍሮ ቢሆን፣ ቢክደኝ እንኳ፣ እኔ ዛሬ ቤቴ ነበርኩ።

«እንደዚያ ብላ ነው የነገረቻችሁ?» አለ። «ጥሩ ልጅ ናት።»

ሌላውን ሁሉ በረጋ ድምፅ ነው የነገረኝ፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው። ተሰጥኦ አላት፣ ግን እልኸኛ ናት አለ። አንድን ስሕተት ሲያርሟት ደግማ ትሠራዋለች። እሱንም መምህሩ እንዲሁ አድርጎ ነው ለዚህ ያበቃው፤ ትንሽ ጣቱ እስከ ዛሬ ጠማማ ናት፤ ዘርግቶ አሳየኝ። ክንዷ ሲሰበር እሱም አልቅሷል። ትመለሳለች አለ፤ ቼሎዋ እዚህ እስካለ ድረስ የት ትሄዳለች። ከዚያ ሻዩን ላሙቀው ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ሻዩን ላሙቀው አለኝ እኮ።

ወደ መለማመጃ ክፍላችሁ ገባሁ። ቼሎሽ ጥግ ላይ ከነማኅደሩ ቆሟል፤ ወገቡን በቆዳ ጠፍር አሥሮ ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር ቆልፎታል። እንደ ውሻ። የኪስ ቢላዬን አወጣሁ፤ ብርቱካን የምልጥልሽን ቢላ። ጠፍሩ ወፍራም ነው፤ ጎንበስ ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ለመርማሪው የነገርኩትን ለአንቺም ልንገርሽ። በቄራ አንድ ሕግ አለ፤ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ሁሉ የሚከበር። ቢላ ከያዘ ሰው ጀርባ የሚያልፍ ሁሉ «ከኋላህ ነኝ» ማለት አለበት። አለቃ ይሁን ወለል አጣቢ፣ ይላል። ምክንያቱም ቢላ የያዘ ሰው ድንገት ጀርባው ላይ ሰው ሲሰማው፣ እጁ ከእሱ ቀድሞ ይዞራል። ሳይል ቀርቶ የተቆረጠ ሰው ማንንም አይከስም፤ የሚወቅሰው የራሱን ምላስ ነው። እኔ በዚያ ሕግ ውስጥ አርጅቻለሁ። ቤቴ ውስጥ እንኳ ሽንኩርት ስልጥ እናትሽ «ከኋላህ ነኝ አባዬ» ብላ ነው የምታልፈው።

ባልሽ አላለም። ጫማውን አውልቆ ነበር። የኖታ ማስቀመጫውን ብረት በቀኝ እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ መጣ።

እጄ ዞረች።

ቢላዋ ከእጁ አንጓ በላይ በውስጥ በኩል ገብታ ወደ ታች ወረደች። ጅማት ሲበጠስ ድምፅ እንዳለው ታውቂያለሽ? ከልክ በላይ የተወጠረ ክር እንደሚበጠስ ነው፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው። ደሙ እስከ ጣሪያው ጥግ ዘለለ፤ የኖታ ወረቀቶቹ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ እኔ ጢም ላይ። ብረቱ ግን መንገዱን አልሳተም፤ ግራ ትከሻዬ ላይ ዐረፈና የአንገቴ ሥር አጥንት ቀጭ ሲል ሰማሁት። አንቺ በቀኝ ክንድሽ፣ እኔ በግራ ትከሻዬ፤ እንግዲህ ከሁለታችን አንድ ደህና ሰው ይወጣል።

እሱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው አልጮኸም። እጁን ፊቱ ድረስ አንሥቶ ጣቶቹን አያቸው፤ ተነሡ አላቸው፤ አልተነሡም። ደግሞ አዘዛቸው። በዚያ ቤት ውስጥ እምቢ ሲባል የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ ነው የጮኸው፤ ያን ጩኸት በስንት በግ ሰምቼዋለሁ። ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነበር። እንዲሞት አልፈለግሁም፤ ይህንንም መርማሪው ጽፎታል። ቀበቶዬን ፈትቼ ክንዱን ከላይ አሠርኩት፤ በጉልበቴ ረግጬ፣ በጥርሴ ስቤ አጠበቅሁት። «ዝም በል፣ አትንፈራገጥ፣ ማሰር በሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ነህ» አልኩት። ሱሪዬ ቀበቶ ስላጣ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ቡጢ ጩኸቱን ሰምቶ ሲገባ ያየው ይህንን ነው፤ ግማሽ ራቁቱን የቆመ ሽማግሌ፣ ጢሙ ቀይ፣ ከእግሩ ሥር የሚያለቅስ ቫዮሊኒስት። ያ ቡጢ ግድግዳውን ተደግፎ ምሳውን ሁሉ አስመለሰ።

ጠፍሩ ግማሽ ድረስ ተቆርጦ ነበር። ቀሪውን እንዲቆርጥ ቡጢን አዘዝኩት። ቆረጠውና ቼሎሽን ታቅፎ እየሮጠ ወጣ፤ ወፍራም ሙሽራ ይዞ የሚኮበልል ሰው ይመስል ነበር። እኔ ጩኸቱን የሰማች ጎረቤታችሁ የጠራቻቸው ፖሊሶችና አምቡላንስ እስኪመጡ ክንዱን ይዤ ተቀመጥኩ። ሻዩ ወጥ ቤት ውስጥ ፈልቶ እየተንጣጣ ነበር። ማንም ተነሥቶ አላጠፋውም።

አስጎብኚዋ ቼሎው ቲኬት የለውም ብላ አውቶቡስ አላስገባም አለች አሉ። ያን ጊዜ ሁለቱ የተናከሱት ቆዳ ገፋፊዎች አንድ ሆነው ተነሡባት፤ የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነው፣ ቼሎው ደግሞ ከእሱ ያነሰ ነው የሚያወራው ብለው። በእኔ ወንበር አስቀመጡት፣ ቀበቶ አሠሩለት። ጃኬቱን የገፈፍነው የፍል ውሃ ሊቀ መንበር መንገዱን ሙሉ እንዳይጋጭ የቼሎውን አንገት ይዞ ሄደ። አሁን እናትሽ ቤት፣ እኔ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ተኝቷል። ጭረት የለበትም። አንድ ክሩ ላልቷል ብላኛለች እናትሽ፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

ሐኪሙ ባልሽ በዚያ እጁ ማንኪያ ይይዛል፣ ደጋን ግን አይይዝም ብሏል። እዚህ ከተማ ይህ ከሞት ይከብዳል መሰለኝ፤ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለ ክንድሽ ሲያወሩ ግን ዝቅ አያደርጉም። ታድያ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ኪስ አውላቂውም አብዷል ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

መርማሪው ልጅ ነው፤ አንቺን ያህላል። «አባቴ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ባሏ ከኋላዎ ሲመጣ አይተውት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የቄራውን ሕግ ነገርኩት፤ ሁሉንም ጻፈው። ደግሞ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ታየዋለህ አይደል ልጄ አልኩት። ይህ መልስ አይደለም አባቴ አለኝ። ብልህ ልጅ ነው፤ ያላገባ ቢሆን ላንቺ አስበው ነበር፤ ግን ቀለበት አለው፣ አይቼበታለሁ። በማግስቱ ተመልሶ መጣና፣ መለማመጃ ክፍሉ ሄጄ እርስዎ በቆሙበት ቦታ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ አለኝ። ባልደረባውንም ጫማህን አውልቀህ ከኋላዬ ና ብሎት ነበር። ያ ክፍል አንዱ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ መስታወት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ክንዳችሁን እያያችሁ የምትለማመዱበት። ይህንን ተናግሮ መዝገቡን ዘጋ። እኔም ምሳ በልተሃል ወይ አልኩት። ገና ነኝ አለ። ብላ፣ በባዶ ሆድ ሰው አይመረመርም አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ሄደ።

እንግዲህ ፍርድ ቤት ትጠሪያለሽ። ጠበቃው እናትሽን እንዲህ ብሎ መክሯታል፤ ልጅቷ የአያቷ ዓይን ደክሟል፣ ከአፍንጫው ወዲያ አያይም ትበል። እናትሽም ይህንን ልትነግርሽ ነው። መርፌሽ ላይ ክር የሚያስገባልሽ ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው እያለቀሰች የምትነግርሽ።

ሁለት ነገር ይጠይቁሻል። ክንድሽ እንዴት ተሰበረ ይሉሻል። አያትሽስ ያያሉ ወይ ይሉሻል። ለሁለቱም እንደሆነው ተናገሪ። ለእኔ አትፍሪ፤ ዕድሜ ይፍታህ ቢሉኝ እንኳ የሚያተርፉት ጥቂት ነው፤ ኪስ አውላቂውም ካርታ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቷል። ለወንድ ብለሽ መዋሸት በዚያ ባልነበረ ደረጃ ይብቃሽ።

አጥንትሽ ከበፊቱ ጠንክሮ ይግጠም። ጣቶችሽ ያዘዝሻቸውን ሁሉ ይስሙ። የምትገቢበት ቤት ሁሉ ውስጡና ውጭው አንድ ይሁን። በፈተናው ቀን አክስትሽ ቁርስ ሳታበላሽ እንዳትለቅሽ፤ እኔ እዚህ ሆኜ እግዜርን ስላንቺ አስቸግረዋለሁ፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ስለሚሰለቸው ቶሎ ይፈጽመዋል።

ጢሙን አጥቦ የጨረሰው፣

አያትሽ።